ንጉሥ ሲቀምስ፣ ባለሙያ ስትጠብቅ

ሎስ አንጀለስ ሚድ ሲቲ ውስጥ፣ ከፌርፋክስ ጎዳናው የኢትዮጵያ ሰፈር ተነሥቶ በኦሊምፒክ ቡሌቫርድ ወደ ምሥራቅ የሚነዳ ሰው ጥቂት ማይል እንደሄደ ኮሪያታውን ይደርሳል። መታጠፍ አያስፈልገውም፤ መንገዱ ያው አንዱ ነው። በዚህኛው ጫፍ የበርበሬና የቡና ሽታ፣ በዚያኛው የከሰል ጥብስ። ሁለቱ ሰፈሮች ለዓመታት በአንድ ጎዳና ላይ ቢኖሩም አንዱ የሌላውን ማጀት የሚያውቀው በጥቂቱ ነበር። አሁን ግን የኮሪያ ድራማ ፌርፋክስም አዲስ አበባም ሳሎን ገብቶ ተቀምጧል። ሰሞኑን ከሁሉ ይልቅ ስለ ወጥ ቤት የሚያወራው ደግሞ አንድ የፍቅር ቀልድ ነው።

የኮሪያው ቲቪኤን ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከኦገስት 23 እስከ ሴፕቴምበር 28 ቀን 2025 ያሳየው፣ በኔትፍሊክስም ለዓለም የተሰራጨው «ቦን አፔቲ፣ ዩር ማጀስቲ» ባለ 12 ክፍል ነው። ርእሱ በአማርኛ «ግርማዊነትዎ፣ መልካም ማዕድ» እንደ ማለት ይሆናል። ታሪኩ ቀላል ነው፤ ቀላልነቱንም አይደብቅም። ዮን ጂዮንግ (ተዋናይቷ ኢም ዩና) ፓሪስ ላይ ተወዳድራ ያሸነፈች የፈረንሳይ ምግብ ሼፍ ነች። ወደ አገሯ ስትበር እጇ በገባ አሮጌ መጽሐፍና በፀሐይ ግርዶሽ ሰበብ አምስት መቶ ዓመት ያህል ወደ ኋላ ተወርውራ፣ ጆሶን በሚባለው ሥርወ መንግሥት ዘመን ትወድቃለች። እዚያ የምታገኘው ዪ ሆን (ሊ ቼሚን) ሕዝብ የሚፈራው ንጉሥ ነው፤ ምላሱ ግን ትንሿን ቅመም ለይቶ ያውቃል። የቤተ መንግሥቱ ዋና ምግብ ሠሪ አድርጎ ይሾማታል። ሹመቱ ከዛቻ ጋር ነው፤ ያልጣመ ምግብ ሕይወት ያስከፍላል። ከዚያ ፍቅር ይመጣል።

በኔትፍሊክስ ከእንግሊዝኛ ውጭ ባሉ ተከታታዮች አንደኛ ደረጃ ላይ መውጣቱ አያስገርምም። ዳይሬክተሩ ጃንግ ቴዩ ምግብን እንዴት እንደሚያሳይ ያውቃል። ቅቤ ምጣድ ላይ ቡናማ ሆኖ ሲንጫጫ ካሜራው አይቸኩልም። ቀማሾች ዓይናቸው ይፈጣል፣ ከመቀመጫቸው ይነሣሉ፣ በሐሳብ ሌላ ዓለም ደርሰው ይመለሳሉ። ማጋነኑ እንደ ካርቱን ነው፤ ያስቃል። አንዲት ኮስታራ የቤተ መንግሥት አዛውንት ግን በአንድ ጎድጓዳ ሾርባ ወደ ልጅነቷ ስትመለስ ሳቁ ቆሞ ሌላ ነገር ይተካል። ከኢትዮጵያ ርቆ የሚኖር ተመልካች ያንን ትዕይንት ለመረዳት ኮሪያዊ መሆን አያሻውም። ከአገር ቤት በሻንጣ የመጣ በርበሬ ፕላስቲኩ ሲከፈት የሚሆነውን የሚያውቅ ይበቃዋል።

አማርኛ ተናጋሪ ከዚህ ድራማ የእንግሊዝኛው የግርጌ ጽሑፍ የማያደርስለትንም አንድ ነገር ያገኛል። ኮሪያኛ እንደ አማርኛ ሰውን በአክብሮት ደረጃ ይለያል። ጂዮንግ በመጀመሪያ ንጉሡን የምታየው የንጉሥ ልብስ እንደ ለበሰ እብድ ወይም እንደ ፊልም ተዋናይ ነው፤ የምታናግረውም እንደዚያው። ንጉሥነቱ ሲገባት ቋንቋዋ ይታጠፋል፣ ጀርባዋም አብሮ ይጎነበሳል። እንግሊዝኛው ይህን ሁሉ በአንድ ተውላጠ ስም ጨፍልቆ ያልፈዋል። በአማርኛ ቢሆን ከ«አንተ» ወደ «እርስዎ» የሚደረገው ጉዞ፣ ከዚያም በፍቅር በኩል ወደ «አንተ» ለመመለስ የሚደረገው ትግል፣ ግማሹን ታሪክ ይተርክ ነበር። ይህን ድራማ አንድ ቀን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ካለ ትልቁ ሥራው የሚሆነው እሱ ነው፤ የምግቦቹን ስም ተመልካቹ ራሱ ይለምደዋል።

«ባለሙያ» የሚለው የአማርኛ ቃልም እዚህ ጋ ሊታሰብ የሚገባው ነው። መሐንዲሱ፣ ሐኪሙና የሕግ አዋቂው ባለሙያዎች ናቸው። ግን ሠርግ ቤት ውስጥ «እሷ እኮ ባለሙያ ናት» ሲባል ማንም ስለ መሐንዲስ አያስብም፤ ወጧ የሚጣፍጥ ሴት ማለት ነው። የመጀመሪያው ሙያ ደመወዝና ማዕረግ አለው፣ የሁለተኛው ክፍያ ምስጋና ነው፤ እሱም ከተገኘ። የድራማው ብልህነት ጂዮንግን በሁለቱ መካከል ማቆሙ ነው። በዘመኗ ሜዳሊያ ያላት ሼፍ የነበረችው ሴት፣ አምስት መቶ ዓመት ወደ ኋላ ስትሄድ አለቃነቷን ለማስከበር ከወንድ ምግብ ሠሪዎች ጋር መፋለም አለባት። ታሸንፋለችም። ሆኖም ባሸነፈች ቁጥር የሚያጸድቅላት ያው የንጉሡ አፍ ነው። እሱ ተቀምጦ ይበላል፣ እሷ ቆማ ፊቱን ታነባለች። ተከታታዩ «ፍቅር» የሚለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከዚያ ጥበቃ ነው።

የኢትዮጵያ ቤተ መንግሥትም ይህን ጥበቃ ያውቀዋል። ወጥ ቤቷ ወጡን በመዳፏ ጠብ አድርጋ ሳትቀምስ ለጌታ አታቀርብም፤ ጠጅ አሳላፊውም እንደዚሁ። ቅምሻው መርዝ አለመኖሩን ማረጋገጫ ነበር፤ ሰው በአፉ መያዣ ይሆናል። የኮሪያው ድራማ የመርዝ ሴራውን ሲያመጣ የአማርኛ ተመልካች ነገሩን እንደ ባዕድ አያየውም። ልዩነቱ ማዕዱን ማን እንደሚመራ ላይ ነው። የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ማካን ስለ አፍሪካ ምግብ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1887 እንጦጦ ማርያም ስትመረቅ እቴጌ ጣይቱ ያሰናዱትን ግብር ሰፊ ቦታ ይሰጠዋል፤ በእሱ አነጋገር የአንድ አገር ማዕድ የተዘረጋው ያኔ ነው። እቴጌይቱ የማንንም ፊት እያነበቡ አልጠበቁም። ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ምን እንደሚቀርብለት፣ በምን ቅደም ተከተል እንደሚቀርብ የእሳቸው ሥልጣን ነበር። ከዚህ ግብር የሚወጣ የፍቅርና የፖለቲካ ድራማ ምን ያህል እንደሚጠግብ መገመት አይከብድም። በአማርኛ ተከታታይ ድራማዎች ግን ማድ ቤት ብዙውን ጊዜ የቤት ሠራተኛዋ ወሬ የምትሰማበት ጥግ ሆኖ ቀርቷል።

ኮሪያውያኑም ቢሆኑ ታሪካቸውን ሳያለሰልሱ አላለፉም። ዪ ሆን የተቀዳው እ.ኤ.አ. ከ1494 እስከ 1506 ከነገሠውና በመጨረሻ ከዙፋኑ ከተባረረው ከዮንሳንጉን ነው። ያ ሰው በ1498 እና በ1504 ሊቃውንትንና ባለሥልጣናትን ያስጨፈጨፈ ነው። ድራማው ስሙን ቀይሮ፣ በግፍ የተገደለችውን እናቱን ቁስል አድርጎ ሰጥቶት፣ ጭካኔውን በሐዘን ሸፍኖ ለፍቅር ያዘጋጀዋል። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው የአማርኛ ተረት እዚህ አዲስ መልክ ያገኛል፤ ይህ ንጉሥ የሚከሰሰው በወጥ ብቻ ነው። በመልካም ምግብ ሰው ይገራል የሚለው ሐሳብ ደስ ይላል። የግፉ ዋጋ ግን ከገጸ ባሕርያቱ በአንዱም ትከሻ ላይ በቅጡ አያርፍም፤ ቀልዱ የሚሳሳው እዚህ ቦታ ላይ ነው።

ሌላው የሚሳሳበት ቦታ ጊዜ ነው። ከተከታታዩ ምርጥ ክፍሎች አንዱ ከሚንግ ቻይና ከመጡ ምግብ ሠሪዎች ጋር የሚደረገው ውድድር ነው። ጂዮንግ የዶሮና የጂንሰንግ ምግቧን ለውድድሩ ለማድረስ አንድ የእጅ ባለሙያ ፈልጋ በእንፋሎት ግፊት የሚያበስል ድስት ታሠራለች። አስቂኝ ነው፣ ልብ ይሰቅላል፤ ሳይታሰብም የድራማውን ምስጢር ይናገራል። ስለ ምግብ የሚሠራ የቴሌቪዥን ፍቅር ሁሉ እንዲህ ያለ ድስት ነው፤ ሰዓታትን ጨምቆ ደቂቃ ያደርጋል። ከሥር ያሉት ሰዎችም አብረው ይጨመቃሉ። ሽታን በመለየት የተካነችው ረዳት ጊልግም እንኳ፣ ከሁሉ የምትወደደው ገጸ ባሕርይ፣ ብዙ ጊዜ የምትታየው ስታደንቅ ነው። ማን እንደ ከተፈ፣ ማን እንደ ቆላ፣ ማን ዕቃ እንዳጠበ አይታወቅም።

ዶሮ ወጥ ለዚህ ድስት አይሆንም። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት እየተማሰለ ውኃውን እስኪጨርስ፣ በርበሬው ገብቶ ጥሬነቱ እስኪጠፋ፣ ቁሌቱ መልክ እስኪይዝ ሰዓታት ይሄዳሉ። ዶሮዋን መገነጣጠል፣ አሥራ ሁለቱን ብልት ማውጣት፣ በሎሚና በጨው ደጋግሞ ማጠብ ገና ከዚያ በፊት ያለ ሥራ ነው። ሽታው ከፀጉር አይወጣም። ፌርፋክስ ላይ ምግብ ቤቶቹ ከመከፈታቸው ቀድሞ ከጓሮ የሚመጣው የቁሌት ሽታ የዚያ ሁሉ ጊዜ ሽታ ነው። በዚህ ሥራ ውስጥ ፍቅር የለም ማለት አይደለም፤ ካሜራ የሚወደው ዓይነት አለመሆኑ ነው እንጂ። አንዲት ሴት ለሦስት ሰዓት ስታማስል ከማየት አንድ ንጉሥ ለሦስት ሰከንድ ሲቀምስ ማየት ይቀላል።

ሰፈሩም ቢሆን ንጉሥ ነበረው። የሎስ አንጀለስ ከተማ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 ከኦሊምፒክ በታች ያለውን የፌርፋክስ ክፍል «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ ሰየመ። ከዚያ በፊትም በኋላም ግን አሜሪካዊው ተመጋቢ በሩን እንዲያንኳኳ ያደረገው ብዙውን ጊዜ የአንድ ሰው ብዕር ነበር። ጆናታን ጎልድ እ.ኤ.አ. በ2007 በምግብ ሂስ የፑሊትዘር ሽልማትን ያገኘ የመጀመሪያው ጸሐፊ ነው። የስደተኛ ምግብ ቤቶችን ያለ ንቀት፣ በዕውቀት የጻፈ ደግ ቀማሽ ነበር፤ በ2018 ሲያርፍ ከተማዋ አለቅሳለታለች። ስለ እሱ በ2015 በወጣው «ሲቲ ኦቭ ጎልድ» ዘጋቢ ፊልም ውስጥ የ«ሚልስ ባይ ገነት» ባለቤት ወይዘሮ ገነት አጎናፍር ይታያሉ። ልጃቸውን ለሕክምና ትምህርት ለማብቃት በአስተናጋጅነት የሠሩ፣ ኋላም በዶሮ ወጣቸው የታወቁ ሴት ናቸው። የእሳቸው ታሪክ ከጂዮንግ ታሪክ የሚያንስ ድራማ የለውም። እናትና ልጅ፣ ዕዳና ተስፋ፣ አንድ ድስት። ግን በዚህም ፊልም ርእሱን የያዘው የቀማሹ ስም ነው። ጎልድ ንጉሥ ሊሆን አልፈለገም፤ ዙፋኑ ግን ተዘጋጅቶ ጠበቀው።

የአሜሪካ ቴሌቪዥን ያን ሰፈር በራሱ መንገድ ጎብኝቶታል። እ.ኤ.አ. በ2011 የ«ሲምፕሰንስ» ካርቱን አንድ ክፍል ውስጥ ማርጅና ልጆቿ ሳያስቡት ኢትዮጵያ ምግብ ቤት ገብተው እንጀራ በእጃቸው ቆርሰው ይበላሉ፤ ወጥተውም ምግብ ቀማሽ ጸሐፊዎች ይሆናሉ። ክፍሉ በፍቅር የተሠራ ነው፣ ቀልዱም ንጹሕ ነው። የሆነው ግን ያው ነው፤ እንጀራው በቀረበ በደቂቃዎች ውስጥ ታሪኩ የበላተኞቹ ሆነ።

ስለዚህ የኮሪያውን ድራማ ከፌርፋክስ ሆኖ የሚያይ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው መጀመሪያው ክፍል ላይ ነው። ጂዮንግ ገና ንጉሥነቱን አላመነችም። ቤተ መንግሥት የለም፣ ሹመት የለም፣ የተዘረጋ ማዕድ የለም፤ ተራ የገጠር ቤት ነው። ሩዙን፣ ቅጠላ ቅጠሉን፣ ከሻንጣዋ ያወጣችውን የቃሪያ ድልህና ቅቤ በአንድ ላይ ደባልቃ ታማስላለች። ከዚያ ማንኪያውን ወደ አፉ ታስጠጋለች። ያ ጉርሻ ነው። ጉርሻ ፍርድ አይጠብቅም፤ የጎረሰ ሰው አፉ ስለሞላ አስተያየት መስጠት አይችልም። የሚያጎርሰው እጅ ነው የበላዩ፤ እምቢ የሚባልም ከሆነ በእጁ ባለቤት ላይ የሚደርስ ስድብ ነው። አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ሁለተኛው ይጨመራል፣ ሦስተኛው ያፋቅራል የሚባለው በዚህ ነው።

ከዚያ ክፍል በኋላ ጂዮንግ ትነሣለች፣ ንጉሡ ይቀመጣል፣ ቀሪዎቹ ክፍሎች በዚያው ሥርዓት ይሄዳሉ። መጨረሻው በዛሬዋ ኮሪያ ነው፤ ሁለቱ እንደገና ይገናኛሉ። ዪ ሆን አምስት መቶ ዓመቱን እንዴት ተሻግሮ እንደ መጣ ድራማው አያስረዳም፤ ብዙ ተመልካች በዚህ አጉረምርሟል። ማጉረምረሙ ትክክል ነው፣ ቢሆንም አለማስረዳቱ ሊታለፍ ይችላል። የሚቆጨው ሌላ ነው። ሰውየው አሁን ዘውድ የለውም፣ አዋጅ የለውም፣ ሊቆርጠው የሚችለው አንገት የለም። ሁለት እጆች ግን አሉት። እነዚያ እጆች ለእሷ ምን እንደሚያበስሉ ለማሳየት አንድ ክፍል ቢጨመር ማንም አይጠግብም ነበር።