ደኅና እና መድኃኒት

ጥሊሊ ተማሪ ሳለሁ «ሦስት ሀ ለምን አስፈለገን?» ብዬ መምህሬን ጠይቄ ነበር። «ልማድ ነው» አለኝ። ቤት አገውኛ ስለምናወራ፣ ለእኔ ያኔ አማርኛ ሁሉም ልማድ ነበር፤ ዝም አልኩ።

በኋላ ሶፍትዌር ሠሪ ሆንኩና ለአማርኛ ጽሑፎች መፈለጊያ ስሠራ ሐን እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ የሚቀይር ኮድ ጻፍኩ። ሰው እንዳሻው ስለሚጽፍ ያለዚህ ፍለጋ አይሠራም። ጥፋቴ የተቀየረውን በዋናው ጽሑፍ ላይ መተካቴ ነው። ስለ ድህነት ቅነሳ ለሚፈልግ ሰው የነፍስ ድኅነት ስብከት ይመጣለት ጀመር። መመለሻም አልነበረም።

የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን መዝገበ ቃላት የገለጥኩት ያኔ ነው። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ጀመሩት፣ ደቀ መዝሙራቸው ኪዳነ ወልድ ደከሙበት፣ ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት።

ቃላቱ የተሰበሰቡት በግሳቸው ሥር ነው። መድኃኒትን ለማግኘት «ድኅነ» ወደሚለው ግስ መሄድ አለባችሁ። ከሐኪም ቤት የምንገዛው መድኃኒት፣ መድኃኔ ዓለም፣ ጠዋት የምንባባለው «ደኅና አደርክ» የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። አማርኛው «ዳነ» ኀን ስለዋጠ ዝምድናው አይታይም። ማኅበርና «አብሮ»ም ከ«ኀበረ» የወጡ ናቸው። ምዕራብና ዓርብም ዘመዳሞች ናቸው፤ ሁለቱም ከ«ዐረበ»፣ ከፀሐይ መጥለቅ የመጡ ናቸው፤ ዓርብ የሰንበት ዋዜማ ነውና። በአንጻሩ ምሥራቅ ከ«ሠረቀ» ነው፣ ፀሐይ ወጣች ለማለት፤ ሌባው ግን በ«ሰረቀ» ነው የሚጻፈው። ሠን ስናጠፋ ፀሐይዋን ሌባ አደረግናት ማለት ነው።

መጽሐፉ እንከን የለበትም አልልም። ተራው አበገደ ነው፤ ግሱን የማያውቅም ቃሉን አያገኝም። መልሱን ሳይዙ መጠየቅ አይቻልም፤ ግዕዝ ላልተማረ በሩ ጠባብ ነው። አማርኛ ከአገውኛ የወረሰውን ደግሞ በግዕዝ ግስ ብቻ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። ያም የራሱን መዝገብ ይፈልጋል።

አሁን ኮዴ ዋናውን ጽሑፍ አይነካም፤ ፊደል የሚያዋህደው ለፍለጋ በተዘጋጀው ቅጂ ላይ ብቻ ነው። በፊት የጠፋው ግን ጠፍቷል።

ባለፈው ጥሊሊ ስሄድ የእህቴ ልጅ ያንኑ የሦስቱን ሀ ጥያቄ ጠየቀችኝ። «ደኅና»ን እና «መድኃኒት»ን ጎን ለጎን ጻፍኩላት። ኀን ራሷ አገኘችው።