ጥሩ የመንኮራኩር ሞዴል በምን ይታወቃል?

የጠፈር መንኮራኩር ሞዴል ገጣጥሞ ማቆም አንድ ነገር ነው፤ ያየው ሰው «ይሄስ በርሮ የመጣ ነው» እንዲል ማድረግ ሌላ ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው የቀለሙ ውድነት ወይም የመብራቱ ብዛት አይደለም። የምመዝንበት ሚዛን አንድ ነው፦ በሞዴሉ አካል ላይ ያለ እድፍ፣ ጭረትና ብርሃን ሁሉ ከየት እንደመጣ መናገር አለበት።

ያገለገለ መንኮራኩር ማየት ያስለመደን እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው «ስታር ዋርስ» ነው። የፊልሙ ሞዴል ሠሪዎች ከታንክና ከመኪና ሞዴል ኪቶች የወሰዷቸውን ጥቃቅን ክፍሎች ለጥፈው ከቀቡ በኋላ መልሰው አቆሸሿቸው። በእኛም አገር ሚጌል ያንሶ ባዘጋጀው፣ ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ በተወኑበት «ክረምብስ» (2015 እ.ኤ.አ.) ፊልም ታሪኩን የሚያስነሣው ለዘመናት ሰማይ ላይ ተንጠልጥሎ የኖረ መንኮራኩር እንደገና መንቀሳቀስ መጀመሩ ነው።

ዓይንን ለማሠልጠን ግን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ቡሬ ላይ፣ የነቀምት መንገድ በሚገነጠልበት አካባቢ፣ በቆሎ ወይም በርበሬ ጭኖ የቆመ አይሱዙ ቀረብ ብላችሁ እዩ። ጭቃው እኩል አልተለጠፈም፤ ከጎማው ኋላ ፓራፋንጎው ላይ ወፍሮ ወደ ላይ እየሳሳ ይሄዳል። የስፖንዳው ቀለም የተላጠው ጆንያ በሚፈገፍገው ጠርዝና ረዳቱ ረግጦ በሚወጣበት ቦታ ነው። ጥላሸቱ ከማርሚታው አፍ ይጀምራል፤ ዝገቱ ከብሎኑ ራስ ተነሥቶ የዝናቡን መንገድ ተከትሎ ይወርዳል። ከገጠሩ ጥርጊያ መንገድ የያዘው ቀይ አቧራ ደግሞ ሁሉንም በስሱ ይሸፍነዋል። ፍኖተ ሰላም ላይ ለምሳ የሚቆሙትንም እንዲሁ መርምሩ። ሞዴል ላይም ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው፦ ቀለም፣ መላጥ፣ ዝገትና ጥላሸት፣ በመጨረሻ አቧራ።

ወደ ሞዴሉ ስትመጡ መጀመሪያ ገጹን ከጎን በሚመጣ ብርሃን እዩት። የሁለት ክፍሎች መጋጠሚያ ከታየ ስቱኮውና ብርጭቆ ወረቀቱ ሥራቸውን አልጨረሱም፤ ይህን እድፍ አይሸፍነውም። ቀለሙ በስሱ ተደጋግሞ የተቀባ ይሁን፤ ወፍሮ ጥቃቅን መስመሮችን ከደፈነ ተበላሽቷል። በተለጠፈ ምልክት ሥር ብርማ ነገር ካበራ አየር ገብቶበታል።

ቀጥሎ ልኩን አስሉ። በ1/72 ሞዴል ላይ 1 ሚሊ ሜትር ጭረት በእውነተኛው አካል 7.2 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ቁመቱ 1.75 ሜትር የሆነ አብራሪም 2.4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ በብሩሽ የተጣለ ወፍራም ነጥብ የተላጠ ቀለም ሳይሆን የጥይት ቀዳዳ ይመስላል። እውነተኛ ቀይ አፈር የተጠቀመ ሰው በስስ ጨርቅ ነፍቶ ዱቄቱን ብቻ መውሰድ አለበት፤ 0.1 ሚሊ ሜትር የሆነች ቅንጣት በዚህ ልክ 7 ሚሊ ሜትር ጠጠር ትሆናለች።

ከዚያ አቅጣጫውን ጠይቁ። ጠፈር ላይ ዝናብም ጭቃም የለም። ዝገት ወደ ታች የወረደበት መንኮራኩር መሬት ላይ የሚያርፍ መሆን አለበት፤ እንዲያ ከሆነ የማረፊያ እግሮቹም አቧራ ይያዙ። ከባቢ አየር ሰንጥቆ የሚገባ ከሆነ ቃጠሎው ከአፍንጫው ወደ ኋላ ይሳባል።

መብራቱን ለመመዘን ክፍሉን አጨልሙ። ብርሃን በፕላስቲኩ ግድግዳ ካሾለከ ውስጡ በጥቁር ቀለም አልታፈነም። የኤልኢዲዋ ነጥብ ራሷ ዓይን ውስጥ ከገባች ማደብዘዣ ጎድሏል። የሞተሩ ብርሃን ከመስኮቶቹ ይበልጥ፤ መስኮቶቹም ሁሉም እኩል አይብሩ፣ ሰው በሚኖርበት ነገር ውስጥ የተኛም የነቃም አለና። ስለ ሬዚስተሩም ጠይቁ፤ 9 ቮልት ባትሪ ላይ ለአንዲት ነጭ ኤልኢዲ 330 ኦም ያህል ያስፈልጋል። ያለ እርሱ መብራቷ ትቃጠላለች፤ አካሉ ተጣብቆ ከተዘጋ ደግሞ መቀየር አይቻልም።

ብዙውን ሥራ የሚያበላሸው ማብዛት ነው። በስሚዝሶኒያን ሙዚየም የሚገኘው 3.4 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የ«ስታር ትሬክ» ተከታታይ ፊልም መንኮራኩር፣ የኢንተርፕራይዝ ሞዴል፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሲታደስ እንዲደምቅ የተደረገው የገጹ መስመር ከመጠን አልፏል ተብሎ ተተችቷል፤ በ2016 (እ.ኤ.አ.) የተጠናቀቀው እድሳት ወደ ቀደመ መልኩ መልሶታል።

ስለዚህ ሁለት ሞዴሎች ቀርበውላችሁ ብታመነቱ፣ ጥቂት ግን ምክንያት ያለው እድፍ የያዘውን ምረጡ። በጣታችሁ አንዱን እድፍ አመልክታችሁም «ይሄ ከየት መጣ?» ብላችሁ ሠሪውን ጠይቁት። ሳያመነታ ከመለሰላችሁ ሥራው ጥሩ ነው።