ካናዛዋ ሲደርሱ ጠርዙን ይመልከቱ

በጃፓን ባሕር ዳርቻ ወዳለችው ወደ ካናዛዋ የሚሄድ ጎብኚ ብዙውን ጊዜ ኬንሮኩኤን የተባለውን የአትክልት ስፍራ ዞሮ፣ ሂጋሺ ቻያ በሚባለው አሮጌ ሰፈር ወርቅ የለበሰ አይስክሬም በልቶ ይመለሳል። የአትክልት ስፍራው በእርግጥ ያምራል። አይስክሬሙ ግን ስለ ወርቅ ቀጥቃጮቹ ሙያ የሚነግረው ነገር የለም፤ ወርቁ ጣዕም የለውም፣ ምላስ ላይም ወዲያው ይጠፋል። ጃፓን ውስጥ የሚሠራው ስስ የወርቅ ሉህ ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚወጣው ከዚህች ከተማ ነውና ሙያውን ለማየት የመጣ ሰው ሱቅ ገብቶ አንድ ሉህ ያስወጣ።

ሉሁ ሲቀርብልዎ አይንኩት። ውፍረቱ ከሚሊሜትር አሥር ሺሕ እጅ አንዱን ያህል ስለሆነ ትንፋሽ ያነሳዋል። ብልጭታውንም ለጊዜው ይተዉት፤ ማንም የሠራው ወርቅ ያበራል። ዓይንዎን ወርቁ የሚያበቃበት ጠርዝ ላይ ያሳርፉ። ኤንትሱኬ በሚባለው የጥንት ዘዴ ወርቁ የሚቀጠቀጠው በእጅ በተሠራ ወረቀት መሐል ነው፤ ወረቀቱም አስቀድሞ በገለባ አመድ ውኃ፣ በፐርሲሞን ፍሬ ጭማቂና በእንቁላል ይነከራል። ተቀጥቅጦ ያለቀው ሉህ አንድ በአንድ በቀርከሃ መቁረጫ ተከርክሞ፣ ከራሱ ሰፋ ባለ ወረቀት ላይ ይተኛል። ስለዚህ በወርቁ ዙሪያ የወረቀት ህዳግ ይታያል። ታቺኪሪ በሚባለው አዲሱ ዘዴ ግን ብዙ ሉህ ተደራርቦ ባንድ ጊዜ ስለሚቆረጥ ወርቁና ወረቀቱ እኩል ያልቃሉ። ታቺኪሪ መናኛ ሥራ አይደለም፤ ብዙ ጥሩ ዕቃ በእሱ ይለበጣል። ነገር ግን የኤንትሱኬ ዋጋ ተጠርቶልዎ ህዳጉን ካጡት፣ ሳይከፍሉ በፊት ምክንያቱን ይጠይቁ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2020 የጃፓንን የእንጨት ሕንፃ ጥበቃ ሙያዎች ሲመዘግብ ከመካከላቸው አንዱ ይኸው ኤንትሱኬ ነበር።

ካጋ ዩዜን የሚባለውን የሐር ቀለም ቅብም የምመዝነው እንዲሁ ከጠርዙ ነው። ባለሙያው መጀመሪያ ከሩዝ በተሠራ ሙጫ ክር የሚያህል መስመር ያሰምራል፣ በመስመሮቹ መካከል ቀለም ይቀባል፣ ከዚያ ሙጫው ሲታጠብ ቦታው ነጭ ሆኖ ይቀራል። ያንን ነጭ መስመር በዓይንዎ ይከተሉት። ቀለም ዘልሎት ከሆነ ወይም አንድ ቦታ ወፍሮ ሌላ ቦታ ከተቆረጠ፣ እጁ ገና አልበሰለም። የአበባው ቅጠል ከዳር ደመቅ ብሎ ወደ መሐል ቀስ እያለ መሳሳት አለበት፤ ድምቀቱ የት እንዳበቃ ጣትዎን ማሳረፍ ከቻሉ ሥራው ተቸኩሎበታል። እኔን ከሁሉ የሚማርከኝ ትል የበላው ቅጠል ነው። የካጋ ሠዓሊ ቅጠሉን እንከን አልባ አድርጎ አይተወውም፤ ትል የነካውን ቦታ በጥቃቅን ነጠብጣብ ያሳያል። ነጠብጣቦቹ ሁሉ አንድ መጠን ካላቸው ጌጥ ብቻ ናቸው። አንዱ ጠቆር፣ አንዱ ፈዘዝ፣ አንዱ ጠርዙን ቦርቡሮት የወጣ ከሆነ፣ ሠዓሊው እውነተኛ ቅጠል አይቷል። ካናዛዋ የወርቅ ከተማ ሆና ሳለ ሐሯ ላይ ወርቅም ጥልፍም እምብዛም አይጨመርም፤ ስሕተት የሚሸፈንበት ነገር የለም ማለት ነው።

ኩታኒ የሚባለውን ባለ ቀለም ሸክላ ለማየት ደግሞ መስኮት አጠገብ ይቁሙ። ሥዕሉ በጥቁር መስመር ከተነደፈ በኋላ አረንጓዴው፣ ቢጫው፣ ሐምራዊው ወፍራም ሆኖ ላዩ ላይ ይፈስበታል። ሳህኑን ዘንበል ሲያደርጉት ጥቁሩ መስመር ከመስታወት ሥር እንዳለ ሆኖ ቁልጭ ብሎ መታየት አለበት፤ ቀለሙ የሚያበቃበትን ጠርዝም ጣትዎ ያገኘዋል።