የቤተሰብ ስምና የዘር ቆጠራ፤ ከአየርላንድ መጽሐፍ ወደ መርካቶ

ኤድዋርድ ማክላይሳት እ.ኤ.አ. በ1957 ዓ.ም. ያሳተመው «የአየርላንድ ቤተሰቦች» የተባለው መጽሐፍ የትውልድ ሐረግን ለሚያጠና ተማሪ ሁሉ የሚጠቅም ሥራ ነው። ደራሲው የአገሩ የትውልድና የአርማ መዝገብ ቤት ኀላፊ ስለ ነበረ ሰነዱን ጠንቅቆ ያውቃል። አካሄዱም ቀላል ይመስላል፤ አንድን የቤተሰብ ስም ይወስድና በጥንት ዘመን በየትኛው ወረዳ እንደ በቀለ ያሳያል። በአይሪሽ ቋንቋ «ኦ» የልጅ ልጅ፥ «ማክ» ወንድ ልጅ ማለት ስለ ሆነ፥ ስሙ ራሱ ስለ አንድ አባት ይመሰክራል።

ይህን አካሄድ ይዞ አዲስ ከተማ የሚወርድ ተማሪ ግን መርካቶ ውስጥ ገና በመጀመሪያው ቀን ይሰናከላል። በእኛ ዘንድ እየተወረሰ የሚሄድ የቤተሰብ ስም የለም። የአባት ስም ለልጅ ሁለተኛ፥ ለልጅ ልጅ ሦስተኛ ይሆንና ከዚያ ወዲያ ከመጠሪያነት ይወጣል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 32 ለእያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም ደንግጎ ነበር፤ ሆኖም ያው ሕግ በአንቀጽ 3361 የክብር መዝገብን ድንጋጌ በሌላ ትእዛዝ እስኪታወቅ ድረስ አቆየው። አዋጅ ቁጥር 760 በ2004 ዓ.ም. ወጥቶ ምዝገባው የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለ ሆነ፥ የመርካቶን አያቶች ልደት ከዚህ መዝገብ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

በዚህ ላይ ስሙም አይረጋም። ከጉራጌ አገር ለሥራ የመጣ ልጅ በቤቱ አንድ፥ በገበያው ሌላ ስም ሊኖረው ይችላል፤ የክርስትና ስሙ ደግሞ ሦስተኛ ነው። ይህ የእኛ ጉድለት ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገዛዝ ዘመን ብዙ አይሪሾች «ኦ» እና «ማክ» ጥለው ነበር፤ ማክላይሳት ራሱ «ላይሳት» ተብሎ ተወልዶ «ማክ»ን የመለሰው በጎልማሳነቱ ነው።

እንግዲህ ስም ካልረዳ የሚቀረው ቆጠራው ነው። አማራው ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል፤ ጉራጌውም በአባት በኩል ጎሳውን ይጠብቃል። (የጋብቻው «ሰባት ቤት» ከ«ሰባት ቤት ጉራጌ» ጋር እንዳይምታታ ተማሪው ይጠንቀቅ፤ ያኛው ትውልድ፥ ይኸኛው ሕዝብ ነው።) ነገር ግን ቆጠራን እንደ ሰነድ ዐይን ጨፍኖ መቀበል አይገባም። አለን ሆበን በጎጃም ደጋ ዳሞት አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1973 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፥ ርስት በአባትም በእናትም በኩል ስለሚጠየቅ፥ ሰው ከብዙ አያቶቹ መካከል መሬት የሚያስገኝለትን መርጦ ይቆጥር ነበር። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር ያ ምክንያት ቀረ። ዛሬ ጎጃም በረንዳ ሱቅ የያዘ የዳሞት ሰው የሚቆጥረው ለጋብቻ ወይም ለክብር ነውና፥ አያቱ በርስት ሙግት ፊት ከቆጠረው ጋር ባይገጥም ሊደንቀን አይገባም። በእኔ አስተያየት ሁለቱን አስታርቆ አንድ «እውነተኛ» ሐረግ ማውጣት ትልቁ ስሕተት ነው። ከእያንዳንዱ ቆጠራ ጎን ማን፥ በማን ፊት፥ ስለ ምን ጉዳይ እንደ ቆጠረው ሊጻፍ ይገባል።

ከአየርላንድ የምንማረው ሌላ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1922 ዓ.ም. በእርስ በርስ ጦርነት የደብሊን መዝገብ ቤት ሲቃጠል ከ1821 እስከ 1851 የተካሄዱት የሕዝብ ቆጠራዎች አብዛኛው ጠፋ። ከዚያ ወዲያ ተመራማሪዎች የተደገፉት ከ1847 እስከ 1864 ለግብር ሲባል በተዘጋጀው የግሪፊዝ ግምት ላይ ነው። ለግብር የተጻፈ ዝርዝር የአያት ማስረጃ ሆነ።

በመርካቶ ይህን የሚመስለው የዕድር መዝገብ ነው። ዕድር ለአባት፥ ለእናት፥ ለትዳር ጓደኛ፥ ለልጅ ሞት የሚከፍለው እየተለየ ስለ ሆነ፥ አባሉ ዘመዱን በስም ያስመዘግባል፤ ገንዘብ ያለበት በመሆኑም ጸሐፊው በቀላሉ አያልፈውም። ጉድለቱ ግልጽ ነው፤ ከወላጅ ወደ ላይ እምብዛም አይወጣም፥ ማስመዝገቢያውም ጥቅም ስለ ሆነ እንደ ርስቱ ቆጠራ መመርመር ይሻል። ቢሆንም የሽማግሌውን ቃል የምናመሳክርበት ጽሑፍ ከዚህ የተሻለ በሰፈሩ አላየሁም።

መዝገቡ የሚቀመጠው በአብዛኛው በጸሐፊው ወይም በገንዘብ ያዡ ቤት ነው። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራ ሲቃጠል እሳቱ በተጠጋጉ ሱቆች መካከል እንዴት እንደሚሮጥ ሁሉም አይቷል። ተማሪዎቻችን ግልበጣውን ከሰባተኛና ከጎጃም በረንዳ አካባቢ ዕድሮች ቢጀምሩ፥ ከየአገሩ የመጣው ሰው በአንድ መዝገብ ተሰልፎ ስለሚገኝ፥ የሁለቱን የቆጠራ ልማድ ጎን ለጎን ለማየት ይመቻቸዋል።