ስም የማን ነው?

ልብስ ባረጀ ጊዜ ይጣላል፤ ስም ግን ከመቃብር በላይ ይውላል። የአንድ ማኅበር ስምስ አባሎቹ ሲለያዩ የማን ይሆናል? ይህን ጥያቄ ሴክስ ፒስቶልስ በሚባሉት የእንግሊዝ ሙዚቀኞች ታሪክ እንመርምረው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ይህ ጓድ በ1975 በለንደን ተቋቋመ። ፐንክ የሚባለው ሙዚቃ፣ ይኸውም ፈጣንና ጩኸት የበዛበት፣ የተከበረውን ሁሉ የሚዘልፍ የወጣቶች ዘፈን፣ በእንግሊዝ አገር እንዲገን ካደረጉት ዋናዎቹ እነርሱ ናቸው። በ1977 አንድ አልበም አወጡ፤ በ1978 መጀመሪያ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ተለያዩ። በ1996 እንደ ገና ሲገናኙ ጉዟቸውን «ነውረኛ ረብ» ብለው ሰየሙት፤ የመጣነው ለገንዘብ ነው ማለታቸው ነበር። ነገሩ ቢያስነቅፍም ግብዝነት አልነበረበትም።

በነሐሴ 2024 ጊታር መቺው ስቲቭ ጆንስ፣ ከበሮ መቺው ፖል ኩክና ባስ መቺው ግሌን ማትሎክ፣ ዕድሜያቸው ወደ ሰባ ሲጠጋ፣ ምዕራብ ለንደን በሚገኘው ቡሽ ሆል ለአዳራሹ መርጃ ያንኑ የ1977 አልበም ተጫወቱ። የዘፈነላቸው ፍራንክ ካርተር ነው፤ የተወለደውም በ1984፣ ጓዱ ከፈረሰ ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። የቀድሞው ዘፋኝ ጆን ላይደን አብሯቸው አልነበረም። በ2021 ስለ ጓዱ ታሪክ በተሠራ የቴሌቪዥን ድራማ ዘፈኖቹ ይግቡ አይግቡ በሚል ከጆንስና ከኩክ ጋር ተሟግቶ፣ ዳኛው በ1998ቱ ውላቸው መሠረት የብዙኃኑ ድምፅ ይጸናል ብለው ፈርደውበታል።

«ያለ ላይደን ስሙ ውሸት ነው» የሚሉ አሉ። እነዚህ ሰዎች ሲድ ቪሸስን ያስታውሱ። ፊቱ እስከ ዛሬ በየሸሚዙ ይታተማል፤ ነገር ግን እርሱ የመጣው በ1977 በማትሎክ ቦታ ነው፤ ባስ መምታትም እምብዛም አያውቅም ነበር። አብዛኞቹን ዘፈኖች በመድረስ የረዳው ማትሎክ ነው። ዓለም ፊቱን አስታውሶ እጁን ረሳ። እንግዲህ ጓዱ ሰው መለወጥ የጀመረው በስተርጅና አይደለም።

ሆኖም የፍርድ ቤት ውሳኔ ሁሉን አይሰጥም። ውል ስምን ያስረክባል፤ የላይደንን ቁጣ ግን ማስረከብ አይችልም። ስለዚህ ትክክለኛው መንገድ ለሰሚው እውነቱን መንገር ነው። የተቀላቀለ ቅቤ ንጹሕ ነው ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ አታላይ ነው፤ የተቀላቀለ ነው ብሎ የሚሸጥ ግን ማንንም አልበደለም። እነዚህም በማስታወቂያቸው ላይ ከጓዱ ስም ጋር የካርተርን ስም ጻፉ። ካርተርም ከመድረክ ወርዶ በሕዝቡ መካከል በራሱ ድምፅ ይዘፍናል እንጂ ላይደንን ለመምሰል አይደክምም። እኔ ጨዋታውን የማመሰግነው በዚህ ነው።

አንድ ነገር ግን ይጎድለዋል። በ1977 ያ ዘፈን አደጋ ነበር፤ ቢ.ቢ.ሲ. እንኳ በንግሥቲቱ ላይ የተዘፈነውን አላሰማም ብሎ ከልክሎታል። ዛሬ ግን የሚፈራው የለም፤ መታሰቢያ ሆኗል።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ሽማግሌ የወጣትነቱን ዘፈን ቢዘፍን ነውር የለበትም፤ የገዛ ዕድሜው ነውና። በሃያ ዓመት ዕድሜ የሌላውን ሰው የ1977 ቁጣ ተውሶ መኖር ግን ድህነት ነው። የእነርሱን ስማ፤ የራስህን ደግሞ አንተ ተናገር።