ሰማይ ላይ ብርሃን አየሁ የሚል ሰው እንዴት እንደሚጠየቅ

በሰማይ ላይ ያልታወቀ ብርሃን ታየ የሚል ወሬ ከወልድያ ዙሪያም ሆነ ከሀብሩ ቆላ ወደ እኔ በደረሰ ቁጥር፣ ወሬውን ያመጣው ሰው ሊነግረኝ የሚቸኩለው ያየውን ነገር መልክና ግርማ ሲሆን፣ እኔ ግን አስቀድሜ የምጠይቀው እርሱ ራሱ በዚያች ሰዓት የት ቆሞ እንደ ነበረ፣ ፊቱን ወዴት አዙሮ እንደ ነበረና እጁ ምን ሥራ ይዞ እንደ ነበረ ነው። ተአምር ሊያወራ የመጣ ሰው ስለ በረቱ በርና ስለ ጎረቤቱ ባሕር ዛፍ ሲጠየቅ ቅር ቢለው አይፈረድበትም። ዳሩ ግን ጠፈር ወሰንም ድንበርም ያልተጻፈበት ባዶ ስለ ሆነ፣ በእርሱ ላይ ያለፈውን ነገር ሊመረምር የሚወድ ሰው ከታች ባለችው ምድር ከመደገፍ በቀር ሌላ መንገድ የለውም፤ ምድራችንም ለዚህ ሥራ የታደለች ናት። ወልድያ በምዕራብ ወደ ሳንቃና ወደ ድልብ በሚያወጣው ተራራ ተከልላ፣ መርሳም ጀርባዋን ለደጋው ሰጥታ ፊቷን ወደ አፋር ቆላ በሚዘረጋው ሜዳ ላይ አድርጋ ስለ ተቀመጡ፣ የተራራው ጫፍ እየሾለና እየተሰነጠቀ የሠራው ጥርስ ሁሉ ለመርማሪ እንደ ማስመሪያ ያገለግላል። «በዚያች ሾጣጣና በጎባጣዪቱ መካከል ገባ» ብሎ የሚመሰክር እረኛ፣ «በሰሜን ምዕራብ በኩል ነው መሰለኝ» ከሚል የቢሮ ሰው ይልቅ ብዙ ነገር ሰጠኝ ማለት ነው።

ከምስክሮችም ሁሉ የማሽላ ጠባቂውን አስበልጣለሁ። እህሉ ማፍራት ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ እስኪታጨድ ድረስ፣ ቀን ከወፍ ሌሊትም ከከርከሮና ከጃርት ሊጠብቅ በማማ ላይ የሚያድር ሰው፣ ዓይኑ ጨለማውን የለመደ፣ ጆሮው የተከፈተ፣ ስፍራውም በየሌሊቱ ያው አንድ ስፍራ ስለ ሆነ፣ የሰማዩን ልማድ ሳያስበው ያውቀዋል፤ ስለዚህም ከልማዱ የወጣውን ይለየዋል። የብርሃን ወሬ በጥቅምትና በኅዳር የሚበዛበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ሲያከራክር ሰምቻለሁ፤ አንዳንዱ የዘመን ምልክት ያደርገዋል። እኔ እንደማየው ከሆነ ግን ሦስት ነገሮች በአንድ ወር መገናኘታቸው ነው፤ ይኸውም ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ይጠራል፣ ጠባቂው ማማው ላይ ይወጣል፣ ምድርም ኤንኬ የሚባለው ጅራታም ኮከብ ከበተነው ትቢያ ውስጥ ታልፋለች። ይህ ፈረንጆች ታውሪድ የሚሉት የተወርዋሪ ኮከብ ወራት ከዋክብቱ ጥቂት ቢሆኑም፣ በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ እየሄዱ ከሌሎቹ ይልቅ ዝግ ብለው ስለሚገቡና በመካከላቸው ትልልቅ ስባሪ ስለማይጠፋ፣ አልፎ አልፎ አገር የሚያበራ የእሳት ኳስ ያወርዳሉ።

በአንድ የኅዳር ወር ከመርሳ በስተ ምሥራቅ ወደሚገኝ አንድ መንደር የሄድሁት እንዲህ ያለውን እሳት አይተዋል የተባሉ አንድ ሽማግሌን ለመጠየቅ ነበር። እንደ አገሩ ደንብ ቡናው ሳይፈላና ሳይመረቅ ነገር አይጀመርምና፣ ሦስተኛው ስኒ ካለፈ በኋላ፣ «አባባ፣ አንቱ ያን ጊዜ ማማው ላይ ነበሩ ወይስ ወርደው ነበር?» አልኋቸው። «ወላሂ ማማው ላይ ነበርሁ፤ እሳቱም መኻል አናቴ ላይ ነው የፈነዳው» አሉኝ። ቃላቸውን እንዳለ ጻፍሁና ወደ እርሻው አብረን ሄደን፣ ማማው ላይ ወጥተው እንደዚያ ሌሊት እንዲቀመጡ፣ ምርኩዛቸውንም እሳቱ ወደ ፈነዳበት ስፍራ እንዲያቀኑ ለመንኋቸው። ምርኩዙ የቀናው ወደ ምሥራቅ ሲሆን፣ ቱንቢ በክር ያንጠለጠልሁበትን ፕሮትራክተር ባስጠጋው ከሃምሳ ዲግሪ በታች አሳየ። ሽማግሌው አልዋሹም፤ ሰው ሁሉ ከአድማስ ግማሽ መንገድ ከፍ ያለውን ነገር አናቴ ላይ ነው ይላል፣ የተማረውም ያልተማረውም። ክንድ ግን አፍ የሚያጋንነውን አያጋንንም።

ስለ ትልቅነቱ ስጠይቃቸው «ምጣድ ያክላል» አሉ። ምጣድ የሚያክለው በስንት ክንድ ርቀት እንደ ሆነ ካልታወቀ ይህ መልስ ለልኬት አይሆንም፤ ስለዚህ በኪሴ ምስር፣ ሽምብራና ባቄላ ይዤ እዞራለሁ። ክንድ ተዘርግቶ በሁለት ጣት የተያዘች አንዲት ምስር ሙሉ ጨረቃን ልክ ትሸፍናታለች፤ ጨረቃ ከግማሽ ዲግሪ የማትበልጥ መሆኗን ይህን ሳያይ የሚያምን ሰው አላገኘሁም። ሽማግሌው ባቄላውን አንሥተው ጣሉት፣ ሽምብራውንም አንሥተው ወደ ሰማዩ ካስተያዩ በኋላ መለሱልኝ፣ ምስሯን ግን ለረጅም ጊዜ ይዘው ዓይናቸውን ጨፍነው ከቆዩ በኋላ፣ «ይች ናት፤ እንዲያውም ትንሽ ታንሳለች» አሉ። ቀጥሎም ፍንዳታውን ካዩ በኋላ ድምፁን እስኪሰሙ ያደረጉትን ሁሉ እንዲደግሙልኝ ጠየቅሁ። ከማማው ወረዱ፣ ጋቢያቸውን አነሡ፣ እስከ አጥሩ ሄደው የልጅ ልጃቸውን ስም ጠሩ፣ ተመልሰውም መሰላሉን ሲይዙ «አሁን ጉም አለ» አሉኝ፤ በሰዓቴ ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ሆኗል። ድምፅ በሰከንድ ከሦስት መቶ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ መንገድ ስለሚሄድ፣ እሳቱ የፈነዳው ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ማለትም ከአፋር ምድር በላይ ነበር ማለት ነው።

አንድ ምስክር ግን አቅጣጫን እንጂ ስፍራን አይሰጥም፤ ሁለተኛውን ፍለጋ ወደ ወልድያ የምመለሰውም ስለዚህ ነው። ከወልድያ እስከ መርሳ የመኪናው መንገድ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም፣ በካርታ ላይ በቀጥታ ሲለካ ከሀያ አይበልጥም፤ ይህም ርቀት ለሥራችን በጣም የተስማማ ነው። የወልድያው ሰው ወደ ደቡብ፣ የመርሳው ሰው ወደ ሰሜን ያየው ብርሃን በመካከላቸው ባለው ኮረብታ ላይ የሆነ ነገር ነው፤ የሰው ፋኖስ፣ የሰደድ እሳት ወይም በራሪ መሣሪያ ሊሆን ይችላል። ሰማንያ ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የነደደ ተወርዋሪ ኮከብ በሁለቱ ከተሞች መካከል ከአንድ ጭብጥ ጥቂት የሚበልጥ ፈቀቅታ ያሳያል፤ የተዘረጋ ክንድ ጭብጥ ዐሥር ዲግሪ ያህል ነውና። ሁለቱም በአንድ ሰዓት፣ በአንድ አቅጣጫና በአንድ ከፍታ አየን ካሉ ግን ዝሁራ ናት፤ ለእርስዋ ወልድያና መርሳ አንድ ነጥብ ናቸው። የአጥቢያ ኮከብ ሆና ከሱብሒ በፊት ወይም የማኅሌቱ ከበሮ ሳይቆም በቆላው አድማስ ላይ ብቅ ስትል፣ በማታም ከወልድያ ተራራ ጫፍ ላይ ቀይና አረንጓዴ እየመሰለች ስትንቀጠቀጥ፣ ሰውን በማሳሳት እርስዋን የሚያህል አላየሁም። ብቸኛ ብርሃን በጨለማ ውስጥ ሲያተኩሩበት የሚሄድ ይመስላል፤ ይህ የዓይን ጠባይ ስለ ሆነ፣ ምስክሩ ብርሃኑን ከቤቱ ምሰሶ ጋር አስተያይቶ እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል።

ሌሎቹን ተጠርጣሪዎች ቶሎ ልለፋቸው። እንደ ዶቃ ተሰክተው በተርታ የሚሄዱት መብራቶች ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የሚላኩት የስታርሊንክ ሳተላይቶች ናቸው፤ ብቻውን ሲሄድ ቆይቶ መኻል ሰማይ ላይ ድርግም የሚለውም ወደ ምድር ጥላ የገባ ሳተላይት ነው። በ2009 ዓ.ም. በወልድያ የተመረቀው ስታዲየም ፓውዛው ሲበራ ዝቅ ያለ ደመና ላይ የሚጥለው ነጸብራቅ ለሩቅ ሰው እንግዳ ነው። ድምፅ የሌለው ብልጭታ ነጎድጓዱ የማይሰማበት የአፋር ዝናብ ነው፤ ፀሐይን ከጎኗ አንድ ስንዝር ያህል ርቆ የሚከባት ቀለም ያለው ቀለበትም በከፍተኛ ደመና ውስጥ ያለ የበረዶ ቅንጣት ሥራ ነው።

የምስክርን ጠባይ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ግን አንድ ቀን ተከፍቶልን ነበር። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ እሑድ ጧት፣ ጨረቃ የፀሐይን መካከል ሸፍና ዳርዋን እንደ ቀለበት የተወችበት ግርዶሽ በላስታ ላሊበላ ላይ ባለፈ ጊዜ፣ የሆነው ነገር ምን እንደ ነበረ፣ በስንት ሰዓት እንደ ጀመረና መቼ እንደ ጨረሰ እስከ ሰከንዱ አስቀድሞ የታወቀ ስለ ነበረ፣ መርማሪ የሚሰማውን ቃል ከእውነቱ ጋር ሊያመዛዝን ቻለ። ቀለበቱ ከአንድ ደቂቃ ገደማ ያልበለጠ ሲሆን፣ ሰዎች ግን ሩብ ሰዓት፣ ግማሽ ሰዓት ቆየ አሉኝ፤ ከዋክብት ተረጩ ያለም ነበረ። ስለ ዶሮዎቹ መስፈር፣ ስለ ነፋሱ መቀዝቀዝና በዛፍ ጥላ ሥር ስለ ተሳለው የማጭድ ቅርጽ የነገሩኝ ግን ሁሉም ልክ ነበረ። ከዚያ ወዲህ ምስክር ስለ ጊዜ ርዝመት የሚሰጠኝን ቁጥር በደቂቃ አልጽፍም፤ በዙሪያው ስለ ነበሩት ከብቶችና ስለ ጥላው የሚለውን ግን ሳልቀንስ እጽፋለሁ።

ስለ እምነት ነገር አንድ ቃል መናገር ያስፈልጋል። የሀብሩ ሼሆች ተወርዋሪ ኮከብ የሰማይን ምስጢር ሊሰርቁ የሚወጡትን ሸይጣናት የሚያባርር እሳት እንደ ሆነ ያስተምራሉ፤ የወልድያ ሊቃውንትም መጽሐፈ ሄኖክ ስለ ብርሃናተ ሰማይ የተናገረውን ይጠቅሳሉ። ከከተማ የመጣ ወጣት ይህን ሲሰማ ፈገግ ይላል፣ ከዚያም በኋላ ማንም ምንም አይነግረውም። አንድ አረጋዊ መሪጌታ «ብርሃኑ የወጣው በአራተኛው ኆኅት ነው» ባሉኝ ጊዜ ግን፣ ብዙ ምሁር ሊሰጠኝ ያልቻለውን ልኬት ሰጡኝ፤ በሄኖክ አቈጣጠር ፀሐይ ከምትወጣባቸው ስድስት የምሥራቅ ኆኅቶች አራተኛው ከእውነተኛው ምሥራቅ ጥቂት ወደ ሰሜን ያለው ስለ ሆነ፣ ኮምፓሱን ሳላወጣ አቅጣጫውን ጻፍሁ።

በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ጦርነት ወልድያንና መርሳን ካለፈባቸው ወዲህ፣ ሰው ወደ ሰማይ ከማየቱ በፊት ጆሮውን ያቀናል። ብርሃን አየ የተባለ ሰው አስቀድሞ «ማን ልኮህ ነው?» ይለኛል፤ ልክም ነው። የተነገረኝ ነገር የጦር መሣሪያ መስሎ ከታየኝ እርሳሴን አስቀምጣለሁ፣ የምስክርንም ስም በደብተሬ አላሰፍርም፤ ማማውን፣ አቅጣጫውንና ሰዓቱን ብቻ እንጂ።

በውጭ አገር ይህ ሥራ በትልቅ ወጪ ተሠርቷል። የአሜሪካ አየር ኃይል በፈረንጆች አቈጣጠር ከ1952 እስከ 1969 ብሉ ቡክ በተባለው ምርመራ 12,618 ወሬዎችን መዝግቦ 701 ያህሉን ሳይፈታ ዘጋቸው፤ ብዙ ሰው የሚከራከረውም ስለነዚህ ነው፤ እኔ ግን ምስክሮቹ በቆሙበት ስፍራ ተመልሰው ቆመው ነበር ወይ የሚለውን ሳላውቅ ስለ ቁጥሩ ለመደነቅ አልቸኩልም። የዚሁ ነገር ጸሐፊዎች ከእኛ ወገን የሚጠቅሱት፣ ነሐሴ 1 ቀን 1962 ዓ.ም. በአስመራ አጠገብ ሳላዳሬ ብለው በሚጽፏት መንደር ቀይ የእሳት ኳስ እያጓራ አልፎ ቤት አፈረሰ የሚለውን ታሪክ ነው፤ እነርሱ ስለ ኳሱ ምንነት ገጽ ሲሞሉ፣ እኔ ለማንበብ የምጓጓው የወደቀው አጥር ወዴት ተጋድሞ እንደ ተገኘ ነበር። 

ከሁሉ የምወደው የጎረቤታችን የሱዳን ሥራ ነው። በመስከረም 2001 ዓ.ም. ሪቻርድ ኮዋልስኪ በአሪዞና ሆኖ አራት ሜትር ያህል ስፋት ያለው ዓለት ወደ ምድር ሲመጣ ሀያ ሰዓት ያህል አስቀድሞ አየ፤ ዓለቱም መስከረም 27 ሊነጋጋ ሲል በኑብያ በረሃ ላይ 37 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ፈነዳ። የካርቱም ዩኒቨርሲቲው ሙዓውያ ሻዳድ ከፒተር ጄኒስከንስ ጋር ወደ በረሃው ወርዶ፣ ስድስተኛ ጣቢያ በተባለችው የባቡር ማቆሚያ ያሉትን ሰዎች ወዴት እንዳዩ ጠየቀ፤ ከዚያም ተማሪዎቹን በአሸዋው ላይ በሰልፍ አሰለፈ፤ በየጊዜው በተደረገው ፍለጋም ስድስት መቶ ያህል ስባሪ፣ ከዐሥር ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን ድንጋይ ተለቀመ። በእንጦጦ ተራራ ያሉት ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖቻችን ለሌላ ጥናት የሚጠቅሙ ቢሆኑም፣ የሚያዩት የሰማዩን ጠባብ ቁራጭ ስለ ሆነ ለዚህ ነገር የማማው ጠባቂ ይሻላል።

የሽማግሌውን መስመር ከወልድያ ካገኘሁት ከሌላ ምስክር መስመር ጋር በካርታ ላይ ባገናኘሁት ጊዜ፣ የተቆራረጡት በአፋሯ ጭፍራ ዙሪያ ነው። ድንጋይ ካለ እዚያ ነው የሚፈለገው፤ አፋርኛ የሚችል ሰው ይዤ በገበያ ቀን ግመል ነጂዎቹን ጠይቄያለሁ። አብዛኛው ወሎ የተነጠፈው በጥንት እሳተ ገሞራ በፈሰሰ ጥቁር ባዝልት ላይ ስለ ሆነ፣ ማግኔት የሚስበው ድንጋይ በየማሳው ሞልቷል፤ ስለዚህ በማግኔት መፈተን እዚህ አገር አያስተማምንም፣ የቀለጠ ስስ ቅርፊት መኖሩንና ውስጡ ቀዳዳ የሌለበት መሆኑን ማየት ይሻላል። እስካሁን የመጣልኝ ሁሉ ቀዳዳ የሞላበት ባዝልት ነው። ቢሆንም ላመጣው ሁሉ የመኪናውን ከፍዬ፣ ቡና አጠጥቼ ተቀብዬዋለሁ፤ ካልተቀበልሁት የሚቀጥለውን አያመጣልኝም።