የጋሻው ብርና የአንጥረኛው ስም

የአንድ ሕዝብ የእጅ ጥበብ የሚመዘነው በተሠሩት ዕቃዎች ውበት ብቻ አይደለም፤ ኅብረተሰቡ ለሠሪው በሰጠው ስፍራም ጭምር ነው። ይህን ለመመርመር የጦር መሣሪያ ጌጥ አመቺ መስክ ነው። የጦር መሣሪያ የሞትና የሕይወት ጉዳይ በመሆኑ ጌጡ ለአገልግሎቱ መገዛት ግድ ይለዋል፤ የማዕረግ ምልክት በመሆኑ ደግሞ ገዥው መደብ ክብሩን ያሳይበታል።

ለንጽጽር ጃፓንን እንመልከት። በጃፓን ሰይፍ እጀታና ስለት መካከል «ትሱባ» የሚባል፣ ከመዳፍ የማይሰፋ ዝርግ ብረት አለ። ተግባሩ የያዘው እጅ ወደ ስለቱ እንዳይንሸራተት ማገድና ጣቶችን ከምት መከላከል ነው። ከ1603 እስከ 1868 እ.ኤ.አ. በዘለቀው የኤዶ ዘመን ጦርነት እየራቀ ሲሄድ፣ ይህ ትንሽ ዝርግ የታላላቅ አንጥረኞች መፎካከሪያ ሆነ። ወርቅና ብር ተከተተበት፤ መዳብ ከጥቂት ወርቅ ጋር ተቀላቅሎ ጥቁር ገጽታ የሚያወጣው «ሻኩዶ» የተባለው ውሁድ ዋለበት፤ አበባው፣ ማዕበሉና ወፉ ተቀረጸበት። ብዙውን ጊዜ ሥዕሉ ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ የቀረው ገጽ ባዶ ይተዋል፤ ባዶውም የሥዕሉ አካል ነው።

የእኛ ሾተል ግን እንዲህ ያለ ማገጃ የለውም። እጀታው ጌጥ የማይበዛበት እንጨት ወይም ቀንድ ነው። የመኳንንቱ ጎራዴም ቢሆን በአውራሪስ ቀንድ እጀታውና በአፎቱ ላይ በተለበጠው ብር ይታወቃል እንጂ በእጅ መከላከያው አይደለም። ይህ የጥበብ ጉድለት ነውን? አይደለም። ጃፓናዊው ሰይፈኛ መሣሪያውን በሁለት እጁ ጨብጦ ስለሚዋጋ ጋሻ አይዝም፤ የእጁ ጋሻ ትሱባው ነው። የእኛ ተዋጊ ግን በቀኙ ሰይፉን፣ በግራው ጋሻውን ይይዛል። ስለዚህ ጌጥ መከላከያውን ተከትሎ ሄደ፤ በዚያ በትሱባ ላይ፣ በዚህ በጋሻ ላይ አረፈ።

ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ እጅ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው በጎጃም ላይ ሲነግሡ፣ መናገሻቸውም የቀድሞው መንቆረር፣ የኋላው ደብረ ማርቆስ ሲሆን፣ በብር ያጌጠ ጋሻ፣ ጎራዴና ለምድ በአገሪቱ የጀግንነትና የሹመት ሽልማት ነበር። የጋሻው መሠረት ጠንካራ ቆዳ ነው፤ ላዩ ከፋይ ይለብሳል፤ በከፋዩም ላይ በመዶሻ የሳሳ፣ የተቆረጠና የተቀረጸ ብር ይመታበታል። የብሩም ምንጭ ባመዛኙ ቀልጦ የተነጠረ የማርያ ትሬዛ ገንዘብ ነው። ጠመንጃ እየተስፋፋ ሲሄድ የጋሻው የመከላከል ተግባር ቀነሰ፤ የማዕረግ ምልክትነቱ ግን ጎላ።

በቅርጽ ረገድ የጋሻው ጌጥ የትሱባው ተቃራኒ ነው። መካከሉ እምብርት ነው፤ የብሩ ሰቆች ከዚያ ተነሥተው እንደ ፀሐይ ጮራ ወደ ዳር ይዘረጋሉ፤ ግራው ቀኙን ይመልሳል። ትሱባው በቅርብ፣ በእጅ ተይዞ እንዲመረመር የታሰበ ነው፤ ጋሻው ግን በሰልፍ መካከል፣ ከሩቅ፣ በፀሐይ እንዲያበራ። ሁለቱም በየአገልግሎታቸው ትክክል ናቸው። ከውጭ የመጡት፣ በተለይም በጀርመኑ ዞሊንገን ከተማ ተሠርተው አንበሳና የአማርኛ ጽሑፍ የታተመባቸው ጎራዴዎች ከዚህ ሚዛን ሲቀርቡ ይቀላሉ። ሥራቸው ጥንቁቅ ነው፤ ሆኖም አንበሳው ከስለቱ ቅርጽ ጋር አይነጋገርም፤ በሌላ ዕቃ ላይ ቢታተምም ያው ነው። የአገሬው አንጥረኛ ብር ግን ከዚያ ከተጎበጠ ቆዳ ውጭ ትርጉም የለውም።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ እዚህ ላይ ይነሣል፤ ይህን የሠራው ማን ነው? በጃፓን ብዙዎቹ የትሱባ አንጥረኞች ስማቸውን በሥራቸው ላይ ቀርጸዋል። መንግሥት በ1876 እ.ኤ.አ. ሰይፍ መታጠቅን ሲከለክል እንኳ ሙያው ሥፍራ አላጣም። ካኖ ናትሱኦ (1828-1898 እ.ኤ.አ.) የተባለው ታላቅ የትሱባ ቀራጭ ለአዲሱ የጃፓን ገንዘብ ቅርጽ አዘጋጀ፤ በኋላም በቶኪዮ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ። በእኛ አገር 1887 ዓ.ም. የተጻፈበት የምኒልክ ብር ግን የተቀረጸውም የተመታውም በፓሪስ ነው። የቤተ መንግሥቱ አርመናዊ አንጥረኛ የዲክራን ኤበያን ስም ተጽፎ ሲገኝ፣ የአገሬው አንጥረኛ ስም ከነሥራው ተለያይቶ ቀርቷል። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ተዘርፎ የኖረውና በ2016 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ኒውካስል ለጨረታ ሊቀርብ ሲል ታግዶ በ2017 ዓ.ም. ወደ አገሩ የተመለሰው ጋሻ ነገሩን አጉልቶ ያሳያል፤ በላዩ የተቀረጸው የመቅደላና የዘረፋው ቀን እንጂ የሠሪው ስም አይደለም።

ምክንያቱ የታወቀ ነው። ቀጥቃጩና አንጥረኛው «ቡዳ»፣ «ጠይብ» እየተባለ ይሰደብ፣ ከማዕድና ከጋብቻ ይገለል ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን በአዋጅ ቢከለክሉም፣ ልማድ በአዋጅ ብቻ አይሻርም።

ጎጃም ይህን ሌላው ሁሉ ከሚያየው አብልጦ ማየት ይገባዋል። ዋሸራና ጎንጅ የቅኔ መፍለቂያ ናቸው፤ የቅኔ መምህራን ስምም ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲወሳ ኖሯል። ቅኔው የሚመዘንበት «ሰምና ወርቅ» ግን ከአንጥረኛው ቤት የተወሰደ ነው። አንጥረኛው ቅርጹን በሰም ይሠራል፤ በጭቃ ይሸፍነዋል፤ በእሳት ሲሞቅ ሰሙ ቀልጦ ይፈስሳል፤ ወርቁ በሰሙ ቦታ ይገባል። ባለቅኔው ምሳሌውን ወሰደ፤ ክብሩም አብሮ ሄደ፤ የምሳሌው ባለቤት ግን በወናፉ ዘንድ ስሙ ሳይነሣ ቀረ። የተሰወረው ወርቅ ጋሻው አይደለም፤ ጋሻውን የሠራው ሰው ነው።

ስለሆነም በሙዚየም መደርደሪያ ላይ «የእገሌ ንጉሥ ጋሻ»፣ «የእገሌ ራስ ጎራዴ» ብሎ መጻፍ ግማሽ ዕውቀት ነው። የማዕድኑ ዓይነት፣ የአሠራሩ ስልት፣ የተሠራበት አገርና ከተገኘም የሠሪው ስም አብሮ ሊጻፍ ይገባል። ሰም ማፍሰስንና ብር ማሳሳትን ዛሬም የሚያውቁ እጆች ሳሉ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ወደነዚያ ደጆች ይምሩ፤ ስማቸውንም ይመዝግቡ። የዛሬው አንጥረኛም በመስቀሉና በጌጡ ጀርባ ስሙን ይቅረጽ። ባለቤቱ ያልተጠራ ጥበብ ቅርስ ተብሎ ቢወደስም፣ ውዳሴው ሙሉ አይሆንም።